የደሙ ቁጣ ከየት መጣ? የጎንደር ቤተ እስራኤላውያንና የሕክምና አድልዎ

ስለ ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁዶች) የቀድሞ ታሪክ ስቲቨን ካፕላንና ጀምስ ኩዊሪን እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተሟቸው መጻሕፍት መሠረቱን ጥለዋል፤ እዚህ የምጨምርበት የለኝም። ክርክሬ የሐጋር ሳላሞንን ሥራ ተንተርሶ ከሚነሳ ማብራሪያ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ዘ ሃይና ፒፕል» የተሰኘው መጽሐፋቸው እስራኤል ከገቡ ቤተ እስራኤላውያን ጋር በተደረገ ቃለ ምልልስ ላይ ተመሥርቶ፣ በክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ዘንድ ደም፣ ንጽሕናና ቡዳ ምን ትርጉም እንደነበራቸው በጥልቀት ያሳያል። ከዚያ ተነስቶ «እነዚህ ሰዎች ስለ ደም የተለየ እምነት አላቸው፤ ስለዚህ ደማቸው መጣሉን ሲሰሙ ተቆጡ» ማለት እጅግ ቀላል ነው። እኔ የማልቀበለው ይህን ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 1996 የእስራኤሉ ማዕሪቭ ጋዜጣ የማጌን ዳቪድ አዶም (የአገሪቱ የአስቸኳይ ሕክምና ድርጅት) ደም ባንክ የኢትዮጵያውያንን ደም ተቀብሎ በድብቅ ይጥል እንደነበር አጋለጠ። ለጋሹ ክንዱን ዘርግቶ ይሰጣል፣ ይመሰገናል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ከረጢቱ ግን ለማንም በሽተኛ አይደርስም። ከጥቂት ቀናት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም በሚገኘው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጡ፤ ከፖሊስም ጋር ተጋጩ። ሰው የሚታለልበት ነገር ደም ይሁን ገንዘብ፣ ተታልሎ መቆጣቱን ለማስረዳት የቡዳ እምነት ምን ያስፈልጋል? ደሙ የተጣለው በኤች አይ ቪ ስጋት ምክንያት ነው ለሚሉ መልሴ አጭር ነው፦ ስጋቱ እውነት ከሆነ ለጋሹን ፊት ለፊት «አንወስድም» ማለት ይቻል ነበር።

ለእኔ ወሳኙ ግን ችላ የተባለው የጎንደር ገጠር ሕክምና ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያን ከመታው የወባ ወረርሽኝ በኋላ፣ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና ኦፊሰሮች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች በአንድ ቡድን ሰልጥነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር፤ ቆላ ድባ ከመለማመጃዎቻቸው አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻም ኦርት የተባለው የአይሁድ ድርጅት በጎንደር ገጠር ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ሠራ። ከወለቃ፣ ከአምቦበር፣ ከትክል ድንጋይ ዙሪያ የተነሳ ቤተ እስራኤላዊ አባወራ ሁሉ ሐኪም አይቷል አልልም፤ መንገዱ ሩቅ ነበር፣ መረጃውም ሙሉ አይደለም። ነገር ግን «ዘመናዊ ሕክምናን የማያውቅ ሕዝብ» የሚለው ሥዕል ከዚህ ታሪክ ጋር አይታረቅም። መርፌን፣ ካርድንና ድሬሰርን የሚያውቅ ሰው «አልተነገረኝም» ሲል ቅሬታው የታካሚ ቅሬታ ነው።

የዴፖ ፕሮቬራ ጉዳይ ይህን ያጠናክራል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በእስራኤል ትምህርታዊ ቴሌቪዥን የቀረበ ዝግጅት፣ ኢትዮጵያውያት ሴቶች ገና በጉዞ መጠባበቂያ ካምፕ ሳሉ በየሦስት ወሩ የሚወሰደውን የወሊድ መከላከያ መርፌ ያለ በቂ ማብራሪያ ይሰጣቸው እንደነበር አሰማ። «በኢትዮጵያ መርፌ ተወዳጅ ነው» ተብሎ ተመለሰ። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳም ከመከላከያዎች ሁሉ በብዛት ጥቅም ላይ የዋለው መርፌ ነበር። ግን ብዙዎች መውሰዳቸው የአንዷን ፈቃድ አይተካም። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ሮኒ ጋምዙ ለጤና መድን ድርጅቶች በጻፉት ደብዳቤ፣ ሴቲቱ የመርፌውን ውጤት መረዳቷ ካጠራጠረ ማዘዣው እንዳይታደስ፣ ካስፈለገም አስተርጓሚ እንዲጠራ አዘዙ። የእስራኤል መንግሥት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2016 የግዳጅ ማስረጃ አላገኘሁም ማለቱን እቀበላለሁ፤ ክርክሬ ግን ስለ ግዳጅ አይደለም። ደብዳቤው የሚናገረው ስለ መረዳት ነው፤ ጉድለቱም እዚያው ነው።

ስለዚህ መፍትሔውን በእምነት ጥናት ከመፈለግ ይልቅ ሥራ ላይ የዋለውን ማየት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው ተኔ ብሪዑት የተባለ የእስራኤል ድርጅት የስኳር በሽታን ለኢትዮጵያውያን በአማርኛ ሲያስረዳ ቆይቷል፤ በስልክም በሐኪምና በታካሚ መካከል ሲያስተረጉም ቆይቷል። የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳችን መከላከያ የምትወስድን ሴት «ስለ ጎንዮሽ ጉዳቱ ተነግሮሻል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ያንኑ ጥያቄ የእስራኤል ጤና መድን ድርጅቶች ለእያንዳንዷ ታካሚ በቋንቋዋ ጠይቀው፣ መልሱን በብሔር ለይተው ያሳትሙ።