የባሪያውና የቄሣሩ ትምህርት፤ የኢስጦኢኮች ፍልስፍና በዕለት ኑሮ

ኢስጦኢኮች የሚባሉትን ፈላስፎች ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ከጳውሎስ ጋር በአቴና ሲነጋገሩ ነው። ትምህርታቸውም ብዙ ጊዜ «የመጣውን ሁሉ ዝም ብሎ መቀበል» ተብሎ ይተረጐማል። ይህ አተረጓጐም ከታሪኩ ጋር ይስማማ እንደ ሆነ ለመመርመር የአንድ ባሪያንና የአንድ ቄሣርን ኑሮ መርጠናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ትምህርቱን የጀመረው የቆጵሮስ ተወላጅ ዜኖን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ፣ በአቴና ገበያ አጠገብ ሥዕል በተሣለበት ደጅ መመላለሻ ያስተምር ስለ ነበር፣ ተከታዮቹ በዚያ ስፍራ ስም ተጠሩ። ትምህርቱ ለዕለት ኑሮ እንዴት እንደ ዋለ በግልጽ የምናየው ግን በኋላ ዘመን በሮም ነው።

ኤፒክቴቶስ በ50 ዓ.ም. ገደማ በፍርግያ አገር በሂየራፖሊስ ተወለደ። በሮምም ቀድሞ ባሪያ ለነበረው፣ ኋላ ግን የቄሣር ኔሮን ጸሓፊ ለሆነው ለኤጳፍሮዲጦስ ባሪያ ነበር። ገና በባርነት ሳለ ከሙሶንዮስ ሩፎስ ተማረ። ነፃ ከወጣ በኋላ ቄሣር ድምጥያኖስ ፈላስፎችን ባባረረ ጊዜ ወደ ኒቆጶሊስ ሄዶ ትምህርት ቤት ከፈተ። ራሱ ምንም አልጻፈም፤ ቃሉን ያቈየልን ደቀ መዝሙሩ አርያኖስ ነው።

የትምህርቱ መሠረት አንድ መለያ ነው። ፍርዳችንና ፈቃዳችን በእጃችን ናቸው፤ ሰውነታችን፣ ሀብታችን፣ ስማችንና ሹመታችን ግን በእጃችን አይደሉም። ይህንም የሚያስረዳው በተራ ነገር ነው። ወደ ሕዝብ መታጠቢያ የሚሄድ ሰው ውሃ የሚረጭ፣ የሚጋፋ፣ የሚሳደብና የሚሰርቅ እንደሚያጋጥመው አስቀድሞ ያስብ ይላል። የራሱ የብረት መብራት በተሰረቀ ጊዜም በማግስቱ የሸክላ መብራት እንደሚገዛ ተናግሮ ነገሩን ትቶታል። እንዲህ ያለው ሰው ስንፍናን አላስተማረም፤ ጌታ ሊያዝበት የማይችል አንድ ስፍራ በሰው ውስጥ እንዳለ አሳየ እንጂ።

ማርቆስ አውሬልዮስ በ161 ዓ.ም. የሮም ቄሣር ሆነ። መምህሩ ሩስቲኮስ የኤፒክቴቶስን ትምህርት የያዘ ጽሑፍ ስለ ሰጠው ያመሰግነዋል። በዘመኑ ወረርሽኝ ገባ፤ በዳኑብ ወንዝ ዳርም ረጅም ጦርነት ሆነ። በዚህ መካከል በግሪክ ቋንቋ ለራሱ የጻፋቸው ማስታወሻዎች በ12 መጻሕፍት ተከፍለው ደርሰውናል። ማለዳ ከመኝታ መነሣት ሲከብደው ለሰው ሥራ መፈጠሩን ለራሱ ያሳስባል፤ በቀኑ ውስጥ ምስጋና ቢሶችና ምቀኞች እንደሚያገኙት አስቀድሞ ያስባል። እነርሱንም እንደ ወንድም ይቈጥራቸዋል። ከእርሱ በፊት የነበረው ሴኔካም ማታ ማታ የዕለት ሥራውን እንደሚመረምር ጽፏል። እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች ፍልስፍና እንደ ጸሎት ሰዓት በየዕለቱ የሚደጋገም ሥራ ነበር።

ነገር ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ሴኔካ ባሮች ሰዎች መሆናቸውን፣ ከእነርሱም ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥ እንደሚገባ ጽፏል፤ ራሱ ግን ባለ ባሮች ባለጠጋ ነበር። ማርቆስም ወደ ባሮች ነፃነት የሚያደሉ አንዳንድ ፍርዶች ቢሰጥም፣ ባርነትን አልሻረም። በባሪያ የተማረ ቄሣር ባርነትን እንዳለ ተወው።

ስሕተቱ ከመለያው ነውን? ለእኛ አይመስለንም። «በእጄ ያለው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለሁሉ አንድ ነው፤ መልሱ ግን እንደየሰው ሥልጣን ይለያያል። ባሪያው በጠየቀ ጊዜ በእጁ ያገኘው የገዛ ፍርዱን ብቻ ነበር፤ ያም ነፃ አደረገው። በቄሣሩ እጅ ግን ማኅተምና ሕግ ነበሩ። የሕጉ ፍሬ በእጁ ባይሆንም፣ ሕጉን ለማውጣት መሞከር በእጁ ነበር። ትዕግሥት ለደካማ ጋሻ ሲሆን፣ ለኃይለኛ ግን ሥራውን የሚሸሽበት መጋረጃ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ይህን ፍልስፍና በኑሮው ሊሠራበት የሚወድ ሰው ሁለቱን አብሮ ይያዝ። መብራቱ በተሰረቀ ጊዜ እንደ ኤፒክቴቶስ ይታገሥ። የሌላ ሰው ሸክም በእርሱ ፈቃድ የሚቀል በሆነ ጊዜ ግን፣ ይህ በእጄ አይደለም ከማለቱ በፊት እጁን ደግሞ ይመልከት።