ሞስኮ 1980፡ የምሩፅ ሁለት ወርቅና ግማሹ ዓለም የቀረበት ኦሊምፒክ

በአገራችን የሞስኮ ኦሊምፒክ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ስም የ“ማርሽ ቀያሪው” ምሩፅ ይፍጠር ነው። በሌላው ዓለም ግን ይኸው ኦሊምፒክ ከሮጡት ይልቅ በቀሩት ይታወሳል። አሜሪካ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ጃፓን፣ ካናዳ፣ ቻይናና ጎረቤታችን ኬንያ ያልተገኙበት፣ የተሳታፊ አገሮች ቁጥር ወደ 80 ዝቅ ብሎ ከ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ወዲህ ዝቅተኛ የሆነበት ውድድር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ መነሻ አፍጋኒስታን ናት። የሶቪየት ኅብረት ጦር በዲሴምበር 1979 መጨረሻ ወደ አፍጋኒስታን ሲገባ ኦሊምፒኩ ሊጀመር ሰባት ወር እንኳ አልቀረውም ነበር። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በጃንዋሪ 20 ቀን 1980 “በአንድ ወር ውስጥ ጦራችሁን ካላስወጣችሁ አሜሪካ ሞስኮ አትሄድም” የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጡ። ጦሩ አልወጣም። የአሜሪካ ኦሊምፒክ ኮሚቴም ከብዙ ጫና በኋላ በኤፕሪል ወር በድምፅ ብልጫ ላለመሳተፍ ወሰነ። አንዳንድ አሜሪካውያን አትሌቶች ጉዳዩን ፍርድ ቤት ድረስ ቢወስዱትም አልተሳካላቸውም።

የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸርም አትሌቶቻቸው እንዳይሄዱ ወትውተው ነበር። ሆኖም የእንግሊዝ ኦሊምፒክ ማኅበር የመንግሥቱን ምክር ሳይቀበል ቡድኑን ላከ። ሰባስቲያን ኮና ስቲቭ ኦቬት በ800 እና በ1,500 ሜትር ያደረጉት ዝነኛ ፍልሚያ ሊታይ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። እንግሊዝን ጨምሮ በርከት ያሉ የምዕራብ አውሮፓ ቡድኖች በአገራቸው ሰንደቅ ዓላማ ምትክ የኦሊምፒክን ባንዲራ ይዘው ሰልፍ ወጡ።

የመሐመድ አሊ የአፍሪካ ጉዞ

ካርተር አፍሪካን ለማሳመን የመረጡት ሰው ቦክሰኛው መሐመድ አሊ ነበር። አሊ በፌብሩዋሪ 1980 ከታንዛኒያ ተነስቶ ኬንያን፣ ናይጄሪያን፣ ላይቤሪያንና ሴኔጋልን ጎበኘ። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፤ በአፍሪካ የእሱን ያህል የሚወደድ ሰው ከየት ይገኛል? ነገር ግን ገና ዳሬሰላም ሲደርስ ነገሩ ተበላሸ። ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ሊያነጋግሩት ፈቃደኛ ሳይሆኑ ቀሩ። ጋዜጠኞችም “በ1976 አፍሪካ በደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ከኦሊምፒክ ስትወጣ አሜሪካ ለምን አልደገፈችንም?” ብለው ጠየቁት። አሊ መልስ አልነበረውም፤ እንዲያውም ስለዚያ ጉዳይ ሳይነገረው መላኩን አልሸሸገም። ዲፕሎማሲ ዝና ብቻውን የሚሠራው ሥራ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ለጋዜጠኞቹ ጥያቄ ምክንያት የሆነው የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ነው። የሶዌቶ ተማሪዎች በተጨፈጨፉ በሳምንታት ውስጥ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ ከ1976ቱ ኦሊምፒክ እንድትታገድ ጠየቁ። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ “ራግቢ የኦሊምፒክ ስፖርት አይደለም” በማለት ጥያቄውን ሲጥለው ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ20 በላይ አገሮች ራሳቸውን አገለሉ። የ1,500 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው ታንዛኒያዊው ፊልበርት ባዪ ቀረ። የዚያ ርቀት ወርቅ ደግሞ፣ የዕድል ነገር ሆኖ፣ የሄደው ለኒውዚላንዱ ጆን ዎከር ነው። ምሩፅም ቀረ። ፊንላንዳዊው ላሲ ቪረን የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቆችን ለሁለተኛ ጊዜ ጠቅልሎ ወሰደ።

በ1980 ታንዛኒያ ሞስኮ ስትሄድ ኬንያ ከካርተር ጎን ቆመች። ኢትዮጵያ የት እንደምትቆም የሚያጠያይቅ አልነበረም። ደርግ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተካሄደው የሶማሊያ ጦርነት በሶቪየት መሣሪያና በኩባ ወታደሮች የታገዘ መንግሥት ነበር። በጃንዋሪ 1980 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የውጭ ጦር ከአፍጋኒስታን እንዲወጣ በ104 ድምፅ ሲጠይቅ ውሳኔውን ከተቃወሙት 18 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ስለዚህ ምሩፅ በሞንትሪያል የቀረውም በሞስኮ የሮጠውም በራሱ ምርጫ አይደለም። ሁለቱንም የወሰኑለት ሌሎች ናቸው።

ከሙኒክ እስከ ሞስኮ

በትግራይ አዲግራት በ1944 እንደተወለደ የሚነገርለት ምሩፅ የአየር ኃይል ባልደረባ ነበር። ከአገር ውጭ ስሙ መጠራት የጀመረው በ1971 በአሜሪካ ዱርሃም ከተማ አሜሪካና አፍሪካ ባደረጉት ውድድር ነው፤ የተጠራበት ምክንያት ግን ትንሽ ያስቃል። በ5,000 ሜትር ከስቲቭ ፕሪፎንቴን ጋር ሲሮጥ ዙሩን ሳተና አንድ ዙር እየቀረው ውድድሩ ያበቃ መስሎት ፈትልኮ ወጥቶ ቆመ። በ10,000 ሜትር ግን ፍራንክ ሾርተርን አሸንፎ ቂሙን ተወጣ።

በ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። ቪረን ወድቆ ተነስቶ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረበት ያ ውድድር ነው። በ5,000 ሜትር ግን ማጣሪያው ሲጀመር ምሩፅ በመነሻው ላይ አልነበረም፤ ዘግይቶ ደርሶ አመለጠው። ለምን እንደዘገየ እስከ ዛሬ ብዙ ዓይነት ወሬ ይነገራል። ከአራት ዓመት በኋላ ሞንትሪያል በፖለቲካ ምክንያት ቀረበት። ለአንድ ሯጭ ስምንት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የሮጠ ብቻ ነው። በመካከሉ በ1977 በዱስልዶርፍ፣ በ1979 ደግሞ በሞንትሪያል በተካሄዱት የአትሌቲክስ የዓለም ዋንጫዎች 5,000 እና 10,000 ሜትርን ሁለቱንም ጊዜ በድርብ አሸነፈ።

ሞስኮ ሲደርስ ፀጉሩ የሸሸ፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ በሰውነቱ ቀጭን ሰው ነበር። የውጭ ጋዜጠኞችን ከሩጫው ይልቅ ዕድሜው አስጨንቋቸው ነበር ማለት ይቻላል። አንዱ 35፣ ሌላው 40 አለፈው ይል ነበር። እሱም ሰው ዶሮዬን ሊሰርቀኝ ይችላል፣ በጌንም ሊሰርቀኝ ይችላል፣ ዕድሜዬን ግን ማንም አይሰርቀኝም የሚል ትርጉም ያለው መልስ መስጠቱ በዓለም ጋዜጦች ሲጠቀስ ኖሯል። በ1944 መወለዱ ከተወሰደ በሞስኮ 36 ዓመቱ ነበር።

ሐምሌ 20 እና ሐምሌ 25

የ10,000 ሜትር ፍጻሜ የተካሄደው ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. (ጁላይ 27 ቀን 1980) በሌኒን ስታዲየም ነው። ምሩፅ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ለኢትዮጵያ ተሰልፈዋል። ተቀናቃኞቻቸው ሁለቱ ፊንላንዳውያን፣ ቪረንና ካርሎ ማኒንካ ነበሩ። ኢትዮጵያውያኑ ፍጥነቱን እያነሱና እየጣሉ ሌሎቹን አደከሙ፤ በስተመጨረሻ አምስቱ ብቻ ቀሩ። 300 ሜትር ሲቀር ምሩፅ ማርሹን ቀየረ። ከዚያ በኋላ የደረሰበት የለም። በ27 ደቂቃ ከ42.69 ሰከንድ ገብቶ ወርቁን ሲወስድ ማኒንካ ሁለተኛ፣ መሐመድ ከድር ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ ሆኑ። የአራት ወርቅ ባለቤቱ ቪረን አምስተኛ ወጣ። ማኒንካ በማግስቱ ዓመት ከሞስኮ በፊት ደም መወሰዱን ራሱ ተናግሯል፤ ድርጊቱ በወቅቱ በሕግ የተከለከለ ስላልነበረ ሜዳሊያው አልተነጠቀም።

የ5,000 ሜትሩ ፍጻሜ ሐምሌ 25 ቀን ነበር። እኛ ከመጀመሪያው ይልቅ ይህን ሁለተኛውን እናስበልጣለን፤ ምክንያቱም ሊሸነፍ ትንሽ ቀርቶት ነበር። 300 ሜትር ያህል ሲቀር፣ ማለትም ምሩፅ ዘወትር ማርሽ በሚቀይርበት ቦታ ላይ፣ ከውስጠኛው መስመር ላይ ታፍኖ መውጫ አጣ። ከፊቱ ያለው የቡድን ጓደኛው ነበር። ጓደኛው ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ መንገድ ከፈተለትና ምሩፅ በዚያች ክፍተት ሾልኮ ወጣ። በ13 ደቂቃ ከ20.91 ሰከንድ አንደኛ ገባ። ታንዛኒያዊው ሱሌማን ኒያምቡዪ ሁለተኛ፣ ማኒንካ ሦስተኛ፣ አየርላንዳዊው ኢሞን ኮግላን አራተኛ ሆኑ። የዚያ ወርቅ ታሪክ ሲጻፍ የጓደኛው ውለታ ሊዘለል አይገባም።

በአንድ ኦሊምፒክ 5,000 እና 10,000 ሜትርን በድርብ ያሸነፈ አፍሪካዊ ከምሩፅ በፊት አልነበረም። ኮለህማይነን፣ ዛቶፔክ፣ ኩትስና ቪረን ብቻ ይህን አድርገው ነበር። ቀጣዩን ኢትዮጵያዊ ለማየት እስከ 2008ቱ የቤጂንግ ኦሊምፒክ 28 ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነ፤ ያን ጊዜ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በወንዶችና በሴቶች ደገሙት።

እሸቱ ቱራም በ3,000 ሜትር መሰናክል ነሐስ አገኘ። ከሞንትሪያል የቀረው ፊልበርት ባዪ በዚህ ውድድር እንደ እብድ ከፊት ሲከንፍ ቆይቶ በመጨረሻው ዙር ፖላንዳዊው ማሊኖቭስኪ ደርሶበት ብር ወሰደ። የባዪና የኒያምቡዪ ሁለት ብሮች እስከ 2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ድረስ የታንዛኒያ ብቸኛ የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች ሆነው ቆይተዋል። ኢትዮጵያ በበኩሏ በሁለት ወርቅና በሁለት ነሐስ ተመለሰች። ፋንታዬ ሲራክና አማሳለ ወልደገብርኤል በመካከለኛ ርቀት በመሮጥ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሴት ኦሊምፒያኖች የሆኑትም በዚሁ ሞስኮ ነው፤ ይህ ጉዳይ የሚገባውን ያህል አይነሳም።

“ሌሎቹ ቢኖሩስ?”

የምሩፅን ድል ለማሳነስ የሚፈልጉ ሁሉ የሚያነሱት ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው ባዶ አይደለም። ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ በ1978 በሦስት ወር ውስጥ በ3,000፣ በ5,000፣ በ10,000 ሜትርና በመሰናክል አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን የሰበረ ሰው ነበር። የምሩፅ የሞስኮ ሰዓት ከሮኖ የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን በ20 ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ሮኖ በ1976ም በ1980ም ከኦሊምፒክ በመቅረቱ በሕይወቱ አንድም ኦሊምፒክ ሳይሮጥ ቀርቷል። አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂንም ሞስኮ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ፓሪስ ላይ 10,000 ሜትርን በ27 ደቂቃ ከ29.16 ሰከንድ ሮጦ ነበር።

ነገር ግን ሰዓትና የፍጻሜ ውድድር አንድ አይደሉም። የኦሊምፒክ ፍጻሜ ያለ አሯሯጭ፣ በፍጥነት መዋዠቅና በመጨረሻው ዙር የሚወሰን ነው፤ ያ ደግሞ የምሩፅ ቤት ነው። ቨርጂንን ራሱን በ1979ኙ የዓለም ዋንጫ ሁለተኛ አድርጎት ነበር። ምሩፅ ከሮኖ ጋር በሞስኮ ቢገናኝ ምን ይሆን እንደነበር መወራረድ ይቻላል፤ እኛ ግን 300 ሜትር ሲቀር ሁለቱ እኩል ቢሆኑ በምሩፅ ላይ እንወራረዳለን። ደግሞስ በሞንትሪያል ምሩፅ በሌለበት ለተገኙት ወርቆች ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ስንት ሰው ነው?

ፖለቲካው ከሜዳም አልራቀም ነበር። ፖላንዳዊው ቭላዲስላቭ ኮዛኪየቪች በምርኩዝ ዝላይ 5 ሜትር ከ78 ዘልሎ በዓለም ክብረ ወሰን ካሸነፈ በኋላ ሲጮህበት ለነበረው የሶቪየት ተመልካች ክንዱን አጥፎ የስድብ ምልክት አሳየ። በፖላንድ የሶቪየት አምባሳደር ሜዳሊያው እንዲነጠቅ ጠየቁ፤ አልተነጠቀም። በመዝጊያው ዕለት የቀጣዩ አዘጋጅ አገር ባንዲራ መሰቀል ነበረበት። የካርተር መንግሥት የአሜሪካ ባንዲራ እንዳይሰቀል ስለከለከለ የሎስ አንጀለስ ከተማ ባንዲራ ተሰቀለ።

አራት ዓመት ቆይቶ ሶቪየት ኅብረት አጸፋውን መለሰች፤ ከሎስ አንጀለስ ቀረች፣ ኢትዮጵያም ተከተለቻት። በ1988 ደግሞ ሰሜን ኮሪያን በመደገፍ ከሴኡል ቀረን። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር በላይነህ ዲንሳሞ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር። ያ ሰዓት አሥር ዓመት ሳይደፈር ኖረ፤ ባለቤቱ ግን ሴኡል ላይ አልተሰለፈም። ከሞንትሪያል እስከ ሴኡል በተካሄዱት አራት ኦሊምፒኮች ኢትዮጵያ የተገኘችው በሞስኮ ብቻ ነው። አንድ ሙሉ ትውልድ ሯጭ በዚህ መካከል አለፈ።

የሞስኮውን ሩጫ በሬዲዮ ካዳመጡት ሕፃናት አንዱ የአርሲው ኃይሌ ገብረሥላሴ ነበር። የሰባት ዓመቱ ልጅ ሯጭ ለመሆን ያሰበው ያን ጊዜ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። ኢትዮጵያ ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰችው በ1992 ባርሴሎና ላይ ሲሆን ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች።

ምሩፅ የኋለኛውን ዘመኑን ያሳለፈው በካናዳ ቶሮንቶ ነው። ታኅሣሥ 13 ቀን 2009 ዓ.ም. እዚያው አርፎ አስከሬኑ ወደ አገሩ መጥቶ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብሯል።