ከክፉ ቀን እስከ ቢሾፍቱ፦ የዋልተር ፕሎራይት ምርምርና የከብት ደስታ ፍጻሜ

የ19ኛውን ምዕት ዓመት ማብቂያ የኢትዮጵያ ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ውሎቹና ስለ ጦርነቶቹ ብዙ ትተውልናል። በዚያው ዘመን አገሪቱን ከማንኛውም ጠላት ይልቅ ያራቆታትን ደዌ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አንቀጽ ያልፉታል። ይህ ጽሑፍ የደዌውን ታሪክ ከሌላው ጫፍ፣ ማለትም ካጠፋው ምርምር ተነሥቶ ለመመልከት ይሞክራል። የምርምሩ ዋና ባለቤት እንግሊዛዊው የከብት ሐኪም ዋልተር ፕሎራይት ነው። ሆኖም የዚህ ሰው ሥራ ብቻውን ደዌውን እንዳላጠፋው ወደ ኋላ እናያለን። በስደት ላይ ላለ ምሁር ቁም ነገሩ ያለውም እዚያው ላይ ይመስለኛል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደዌውና ዘመኑ

ባላገሩ ይህን በሽታ «ደስታ» ብሎ ጠራው። ክፉን ነገር በመልካም ስም ጠርቶ ቁጣውን የማብረድ የቆየ ልማድ ይመስላል። የተያዘው ከብት በብርቱ ይተኩሰዋል፤ ዓይኑና አፍንጫው ያነባል፤ የአፉ ውስጥ ይላጣል፤ በመጨረሻም ተቅማጥ ውኃውን አሟጦ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድለዋል። በእስያና በአውሮፓ ለብዙ ምዕታት የታወቀ መቅሠፍት ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1887 እና በ1888 ግድም የኢጣሊያ ጦር ለስንቁ በምጽዋ በኩል ካስመጣቸው ከብቶች ጋር እንደ ሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። የአገሩ ከብት ደዌውን ከቶ አያውቀውምና ምንም የመከላከል ኃይል አልነበረው። በብዙ አውራጃዎች ከአሥሩ ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል።

በበሬ የሚያርስ ሕዝብ በሬው ሲሞት ማሳው ጦም ያድራል። በዚህ ላይ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመሩ፤ ከ1888 እስከ 1892 ድረስ የቆየው ረኃብ «ክፉ ቀን» ተብሎ በሕዝቡ መታሰቢያ ውስጥ ቀረ። አጤ ምኒልክ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው በመቆፈር ሕዝቡ መሬቱን በእጁ እንዲያለማ አርአያ እንደ ሆኑ ተዘግቧል። አጤ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁትም፣ የውጫሌ ውል የተፈረመውም በ1889 ማለትም በዚሁ ረኃብ መካከል ነበር። ደዌው ከዚያ ወደ ደቡብ ወርዶ የምሥራቅ አፍሪካን አርብቶ አደር አራቆተ፤ በ1896 ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። እንግዲህ አውሮፓውያን አፍሪካን በተቀራመቱባቸው ዓመታት የአህጉሩ ሀብት አስቀድሞ በደዌ ተመትቶ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም።

ከፕሎራይት በፊት

ሳይንሱ ደዌውን ለመያዝ ብዙ ተንገዳግዷል። ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ በ1896 መጨረሻ ኪምበርሊ ደርሶ፣ በደዌው የሞተን ከብት ሐሞት ለጤነኛው በመውጋት መከላከል እንደሚቻል አስታወቀ። ዘዴው የጠቀመውን ያህል ደዌውን ራሱን የሚያስተላልፍበት ጊዜም ነበረ። በ1902 ሞሪስ ኒኮልና አዲል ቤይ በቁስጥንጥንያ ባደረጉት ሙከራ የደዌው መንሥኤ ባክቴሪያን በሚይዝ ማጥለያ የሚያልፍ ረቂቅ ነገር መሆኑ ታወቀ። ዛሬ ቫይረስ የምንለው ነው።

በ1920ዎቹ ኤድዋርድስ የተባለ ተመራማሪ በህንድ፣ በሙክቴስዋር፣ ቫይረሱን ከፍየል ወደ ፍየል በማሸጋገር አዳከመው። በ1930ዎቹ ደግሞ ናካሙራ በጥንቸል ተመሳሳይ ሥራ ሠራ። እነዚህ ክትባቶች ሚሊዮኖችን አድነዋል። ይሁን እንጂ የፍየሉ ክትባት ለአንዳንድ የከብት ዝርያዎች ከመጠን በላይ ብርቱ ነበረ፤ የጥንቸሉም በብዛት ለማምረትና ለማቆየት አስቸጋሪ ሆነ። ለሁሉም ከብት የሚስማማ፣ በርካሽ የሚመረት፣ ጥራቱም የማይዋዥቅ ክትባት አልተገኘም ነበር።

የሙጉጋ ዓመታት

ፕሎራይት በ1923 በእንግሊዝ አገር፣ በሊንከንሻየር ግዛት፣ ሆልቢች በተባለች ከተማ ተወለደ። በለንደን የንጉሣዊው የከብት ሕክምና ኮሌጅ ተምሮ በ1944 ተመረቀ፤ በጦሩ የእንስሳት ሕክምና ክፍል አገልግሎ ወደ ቅኝ ግዛቱ የከብት ሕክምና አገልግሎት ገባ። በኬንያና በናይጄሪያ ከቆየ በኋላ ናይሮቢ አጠገብ ባለው የሙጉጋ የምርምር ጣቢያ ተቀመጠ። ጣቢያው የቅኝ አገዛዝ ተቋም መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ከዚያ የወጣው ክትባት ለአርብቶ አደሩም ከብት የሚበቃና በቀላሉ የሚመረት ሆነ።

የሥራው መሠረት ሌላ ቦታ ከተገኘ ዕውቀት የመጣ ነው። በ1949 ኤንደርስ፣ ዌለርና ሮቢንስ የፖሊዮን ቫይረስ ከሰውነት ውጭ፣ በመስታወት ዕቃ ውስጥ በተያዙ ሕዋሳት ላይ ማሳደግ እንደሚቻል አሳይተው ነበር። ፕሎራይት ይህንኑ ዘዴ ወደ ከብቱ ደዌ አመጣው። ከባልደረባው ከፌሪስ ጋር በመሆን፣ ካቤቴ ላይ ከታመመ በሬ በተገኘና ለብዙ ዓመታት በምርምር ቤት በቆየ ብርቱ የቫይረስ ዝርያ ጀመሩ። ይህን ቫይረስ በጥጃ ኩላሊት ሕዋሳት ላይ አሳድገው፣ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ደጋግመው አሸጋገሩት። ቫይረሱ በአዲሱ መኖሪያው ሲለማመድ ከብት የመግደል ኃይሉን እያጣ ሄደ። 90 ጊዜ ያህል ከተሸጋገረ በኋላ ደዌ የማያመጣ፣ ነገር ግን የከብቱን ሰውነት ለመከላከል የሚያነቃ ሆኖ ተገኘ። ወደ ጥንት ጠባዩ አልተመለሰም፤ ከአንዱ ከብት ወደ ሌላውም አልተላለፈም። ውጤቱ በ1962 ታተመ።

የደዌው ጠባይም ለዚህ ክትባት አመቺ ነበረ። ቫይረሱ በመከላከል ረገድ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንድ ክትባት በየትም አገር ላለው ደዌ ይበቃል። ከደዌው የተረፈ ከብት ዕድሜውን ሙሉ ዳግም አይያዝም፤ ቫይረሱንም ተሸክሞ አይኖርም። ይህን የመጨረሻውን ነገር እረኞች ከሊቃውንት በፊት ያውቁት ነበር፤ ደዌ አይቶ የተረፈ በሬ ከፍ ያለ ዋጋ ያወጣ ነበርና።

ፕሎራይት በዚህ ብቻ አልተወሰነም። ከዊልደቢስት ወደ ከብት ተላልፎ የሚገድለውን ትኩሳት ያመጣውን የሄርፒስ ወገን ቫይረስ ለይቶ አወጣ። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት በከርከሮ ጉድጓድ በሚኖር መዥገር ውስጥ እንደሚቆይም ከባልደረቦቹ ጋር አስረዳ። ወደ እንግሊዝ ተመልሶ በማስተማርና በምርምር ቀጠለ፤ በ1981 የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነ፤ በ1999 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጠው፤ በ2010 አረፈ።

ክትባቱ ሳለ ደዌው ለምን ተመለሰ?

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ የአንድ ሊቅ ድል ብለን በዘጋነው ነበር። ነገር ግን በ1962 «የጋራ ፕሮጀክት 15» የተባለው ዘመቻ ተጀምሮ እስከ 1976 በ22 የአፍሪካ አገሮች ሲካሄድ ደዌው ሊጠፋ ተቃረበ፤ ሆኖም አልጠፋም። ዘመቻው ሲያበቃ የየአገሩ መንግሥታት ክትባቱን ቸል አሉ። ቫይረሱ ጥቂት ስፍራዎችን ተሸሽጎ ቆይቶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አህጉሩን እንደ ገና አዳረሰ። በ1986 ሁለተኛ አህጉር አቀፍ ዘመቻ መክፈት ግድ ሆነ።

ደዌው የተሸሸገው መንገድና መብራት በሌለበት፣ ጦርነት ባለበት፣ የመንግሥት ባለ ሥልጣን በማይደርስበት ወይም ሲደርስ በማይታመንበት አገር ነው። የፕሎራይት ክትባት ደግሞ ከተመረተበት እስከሚወጋበት ቅዝቃዜ ይፈልጋል። በአፋር በረሃ በረዶ ተሸክሞ መንጋ መከተል ምን ያህል እንደሚከብድ ለማንም ግልጽ ነው። እንግዲህ ጉድለቱ በቫይረሱ ዕውቀት ላይ ሳይሆን፣ ዕውቀቱን ወደ ከብቱ በሚያደርሰው ድልድይ ላይ ነበር።

ይህን ጉድለት ከተረዱት መካከል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በዴቪስ፣ የሠሩት ኢትዮጵያዊው የቫይረስ ሊቅ ጥላሁን ይልማ ይገኛሉ። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ1988 ባሳተሙት ሥራ፣ ለፈንጣጣ ክትባት ያገለገለውን ቫክሲኒያ የተባለ ቫይረስ ወስደው የከብት ደስታን ቫይረስ ዘረ መል ከፊሉን ጨመሩበት። በዚህ የተከተቡ ከብቶች ገዳይ ከሆነው መጠን አንድ ሺህ ጊዜ የሚበልጥ ቫይረስ ተሰጥቷቸው ተቋቋሙት። ቫክሲኒያ ሙቀትን የሚችል፣ ቆዳ በመጫር ብቻ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ሐሳቡ በቀጥታ የበረሃውን ችግር ያነጣጠረ ነበር።

በመጨረሻ ደዌውን ያጠፋው ግን ይህ ክትባት አልነበረም። ጄፍሪ ማሪነር የተባለ አሜሪካዊ የከብት ሐኪም የፕሎራይትን ዝርያ በሌላ ሕዋስ ላይ አሳድጎ፣ የማድረቂያውን ዘዴ በማሻሻል፣ ለአንድ ወር ያህል ያለ በረዶ የሚቆይ አደረገው። በዘረ መል የተሠራ ነገር ወደ ሜዳ ለማውጣት ዓለም ገና ሲያመነታ፣ የታወቀውን ክትባት ያሻሻለው ቀላል መንገድ ቀድሞ ደረሰ። ይህ የጥላሁንን ሥራ አያሳንሰውም፤ ሁለቱም የመለሱት ጥያቄ አንድ ነውና።

የአፋር እረኞች

ክትባቱ ከበረዶ ነፃ ሲወጣ ሌላ ነገር ተቻለ። በ1994 በአፋር ምድር የማኅበረሰቡ ሰዎች ራሳቸው ሠልጥነው የገዛ ወገኖቻቸውን መንጋ መከተብ ጀመሩ። መንጋው የት እንደ ሄደ፣ የትኛው ከብት እንደ ታመመ፣ የማን ቃል እንደሚሰማ የሚያውቁት እነርሱ ነበሩ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የከብት ደስታ ወረርሽኝ የታየው በ1995፣ በዚያው በአፋር ነው። በዓለም ላይ የመጨረሻው በ2001 በኬንያ፣ በሜሩ ብሔራዊ ፓርክ ጎሾች ላይ ታየ። በ2011 የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ደዌው ከምድር መጥፋቱን አወጁ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው ደዌ ይህ ነው።

ከመጥፋቱ በኋላ የቀረው ቫይረስ በጥቂት የምርምር ቤቶች ብቻ ተቆልፎ እንዲቀመጥ ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን እንዲጠብቁ ከተፈቀደላቸው ተቋማት አንዱ ደብረ ዘይት፣ ዛሬ ቢሾፍቱ በምትባለው ከተማ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው። በምጽዋ ገብቶ አገር ያራቆተውን ደዌ ኢትዮጵያ ዛሬ ቁልፍ ይዛ የምትጠብቅ ሆናለች።

ማጠቃለያ

ከ1962 እስከ 1995 ያሉት 33 ዓመታት ልብ ሊባሉ ይገባል። ደዌውን የሚያቆመው ዕውቀት ታትሞ እያለ፣ በአፋር ሜዳ ከብት ይሞት ነበር። ለዚህ ፕሎራይት አይወቀስም፤ እርሱ የተጠየቀውን በሚገባ መልሷል። ወደ እረኛው የሚያደርሰው መንገድ ግን የሌሎች ሥራ ነበርና ሳይሠራ ቆየ።

በውጭ አገር የምርምር ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራው የኢትዮጵያ ምሁር ዛሬ በቁጥርም በዕውቀትም ትንሽ አይደለም። ብዙ ጊዜ ራሳችንን የምንመዝነው ባሳተምነውና በተሸለምነው ነው። የከብት ደስታ ታሪክ ግን ሌላ ሚዛን ይሰጠናል፦ የሠራነው ነገር በረዶ በሌለበት አገር ይቆያል ወይ? የሚወጋውስ ሰው ማን ነው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ከምርምሩ በኋላ ሳይሆን በምርምሩ መጀመሪያ የሚጠይቅ ምሁር፣ በየትም አገር ቢቀመጥ ከወገኑ አልራቀም። ክፉ ቀን ተመልሶ እንዳይመጣ የሚጠብቁት የቢሾፍቱ ቁልፍ ያዦች ብቻ አይደሉም፤ በበረሃው መንጋ የሚከተለው የሠለጠነ እረኛም ነው። የእኛ ሥራ ሁለቱን የሚያገናኝ መሆን አለበት።