ማኅደር ያልያዘው አገልግሎት

ጡረታ የወጣ መምህር ሲሸኝ የሚደረገው ነገር ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ብዙም አይለያይም። ካባ ወይም ጋቢ ይደረብላቸዋል፣ በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል፣ ርእሰ መምህሩ «ይህን ያህል ዓመት በቅንነት አገልግለዋል» ይላሉ፣ ይጨበጨባል። ያ የዓመት ቁጥር የሚገኘው ከግል ማኅደራቸው ነው። ማኅደሩ የተቀጠሩበትን ቀን፣ የተዛወሩበትን ትምህርት ቤት፣ የደረጃ ዕድገታቸውንና ደመወዛቸውን ይዟል፤ የጡረታ አበሉም የሚሰላው የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝና የአገልግሎት ዘመኑን ይዞ ነው። ለሒሳብ ሹም ይህ በቂ ነው። ለታሪክ ግን አይበቃም። በተለይ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ማስተማር የጀመረው ትውልድ ለኅብረተሰቡ ካበረከተው ውስጥ ትልቁ ክፍል የተሠራው ከክፍል ውጭ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭና ከደመወዝ ውጭ ስለሆነ በማኅደሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ እነዚህን ሰዎች እናክብር ካልን ከካባው በፊት መዝገቡ ሊቀድም ይገባል።

መምህርን ከክፍል ውጭ ማሠራት የደርግ ፈጠራ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የኔታ ኑሯቸው ከደብሩና ከአካባቢው ሕዝብ ጋር የተሳሰረ ነበር፤ ማስተማርና ማኅበረሰቡን ማገልገል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አልነበሩም። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጣው ዘመናዊ መምህር ደግሞ የመንግሥት ተቀጣሪ ሆነ፤ ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ትምህርት ቤት ወደ ትንንሽ ከተሞች ሲዘልቅ ግን ይኸው ተቀጣሪ በየደረሰበት የየኔታን ወግ መውረሱ አልቀረም። አንባቢ በጠፋበት ከተማ ደብዳቤ ተቀብሎ የሚያነብ፣ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ የእድሩን ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፣ ክትባት ሲመጣ እናቶችን የሚያግባባ ሰው ሲፈለግ ዓይን የሚያርፈው መምህሩ ላይ ነበር። መንግሥትም ይህን ያውቅ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ሲላኩ አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነው። በ1967 ዓ.ም. ዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ደግሞ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ወረዱ።

ከሁሉም የሰፋው ግን ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» የሚለው መፈክር ዛሬም ድረስ የብዙ ሰው ጆሮ ውስጥ አለ። ከአብዮቱ በፊት ማንበብና መጻፍ የማይችለው ሕዝብ ከመቶ 93 እንደነበር በሰፊው ይነገራል፤ ዘመቻው ይህን ቁጥር ለመናድ በከተማ ቀበሌዎች ጀምሮ በየዙሩ ወደ ገበሬ ማኅበራት ዘለቀ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛና በሶማሊኛ ይሰጥ የነበረው ትምህርት በኋላ 15 ቋንቋዎች ደረሰ፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል። ይህን የተሸከሙት ተማሪዎች፣ የመንግሥት ሠራተኞችና ሌሎች በጎ ፈቃደኞችም ነበሩ፤ የማስተማሪያ ጣቢያውን የማደራጀቱና የማስተማሩ ሸክም ግን በብዙ ቦታ መምህራን ላይ ወደቀ። ለመምህር ክረምት ማለት ወላጆቹ ዘንድ ሄዶ የሚያርፍበት፣ ካልሆነም ትምህርቱን የሚያሻሽልበት ጊዜ ነው፤ ያ ክረምት ለዘመቻው ዋለ። ጠመኔ ይዞ የቆመውም ከልጆች ፊት አልነበረም። ከእርሻ ደክመው የመጡ ገበሬዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ዕድሜ ልካቸውን በጣታቸው ሲፈርሙ የኖሩ ሽማግሌዎች ነበሩ ተማሪዎቹ። እናትን በልጇ ፊት ሳያሳፍሩ «ሀ» ማስያዝ በመምህራን ማሠልጠኛ የሚገኝ ሙያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማት አገኘ። ሽልማቱን የተቀበለው የዘመቻው አስተባባሪ ኮሚቴ ነበር፤ እንደ ወጉ።

እዚህ ላይ ሊነሳ የሚችለው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነው። መንግሥት በመጨረሻ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቧል፣ ማይምነት ከመቶ ከ40 በታች ወርዷል ይል ነበር። በ1987 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ግን 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕዝብ ውስጥ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከአራት አንድ እንኳ እንደማይሞላ አሳየ። ታዲያ የትኛው አገልግሎት ነው የሚከበረው? ቆጠራው ያፈረሰው የሪፖርቱን ቁጥር ነው፤ የሪፖርቱ ቁጥር ደግሞ የኮታ ልጅ ነበር። ፊደል የለየ ገበሬ ከዚያ በኋላ የሚያነበው ጋዜጣም መጽሐፍም ካልደረሰው በጥቂት ዓመታት ይረሳል፤ ጦርነቱና የ1977 ዓ.ም. ረኃብም በመሐል አሉ። ይህ ግን መምህራኑን ሁሉ ነፃ አያወጣም። የምር ያስተማረ ጣቢያ እንደነበረ ሁሉ ስም ብቻ የሞላ ጣቢያም መኖሩ አይጠረጠርም። የቱ የትኛው እንደነበር ከአገር አቀፉ ቁጥር አይታወቅም፤ የሚታወቀው አስተማሪውንና ተማሪዎቹን በስም ከሚያውቅ የቀበሌ ማስታወሻ ነው። ቁጥሩን የማያምን ሰው ከማንም በፊት መዝገብ ሊጠይቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፖለቲካ ይመጣል። ዘመቻው በትእዛዝ የተካሄደ፣ በቀይ ሽብር ብዙ መምህራንን በገደለና ባሰረ መንግሥት የተመራ ነበር፤ በግዴታ የተሠራ ሥራ እንዴት እንደ በጎ አገልግሎት ይቆጠራል? መምህራኑን ማክበር ሥርዓቱን ማወደስ ከሆነ እኔም አልስማማም። ሁለቱን ግን መለየት ይቻላል። ትእዛዝ ሰውን እስከ አዳራሹ በር ያመጣል፣ ስም ጠሪም ያቆምበታል፤ ያልገባትን እናት ማታ ቤቷ ሄዶ ማስረዳት ግን በትእዛዝ አይገኝም። ደግሞም ይህ ትውልድ የታዘዘውን ሁሉ ራሱን ነቅንቆ የሚቀበል አልነበረም። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መምህራን ሥራ ያቆሙት ለደመወዛቸው ብቻ አልነበረም፤ የመንግሥት የትምህርት ዘርፍ ጥናት አብዛኛውን ልጅ በ4 ዓመት ትምህርት ሊያስቀር ነው ብለውም ነው። ያ አድማ ከአብዮቱ መቀስቀሻዎች አንዱ ሆነ። ከአምስት ዓመት በኋላ ጎልማሶችን ፊደል ካስቆጠሩት መካከል እነዚያው ሰዎች ነበሩበት።

ጡረተኛ መምህር የሚፈልጉት መድኃኒትና አስቤዛ የሚገዛ አበል እንጂ ታሪክ አይደለም የሚልም አለ። እውነት ነው፤ በካባ ቤት ኪራይ አይከፈልም። ግን መዝገቡ የአበሉን ቦታ ይውሰድ ያለ የለም፤ ወጪውም ደብተርና እስክሪብቶ ነው።

የተመዘገበ ሥራ ምን እንደሚያመጣ አቶ አስፋው ይምሩ ምስክር ናቸው። ገና የጀኔራል ዊንጌት ተማሪ ሳሉ የጎዳና ልጆችን በዛፍ ጥላ ሥር ማስተማር ጀምረው አስረ ሐዋርያት ትምህርት ቤትን መሠረቱ፤ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስም ለድሃ ልጆች ትምህርት ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም የልጆች ሽልማት ክብር የሰጣቸው ከስዊድን ነው። ለብዙዎቹ መምህራን ግን የሚጻፍላቸው ብቸኛው ጽሑፍ በቀብራቸው ዕለት የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። እርሱም በሐዘን ሌሊት በችኮላ ይጻፋል፤ የትውልድ ቦታቸው፣ የልጆቻቸው ቁጥርና «ለወገናቸው ብዙ የደከሙ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይኖረዋል። ምን ደከሙ፣ የት፣ ለማን? እርሱን የሚያውቁት ተገንዘዋል።

በ1971 ዓ.ም. 20 ዓመት የነበረው መምህር ዛሬ ከ65 አልፏል፤ ያኔ 40 የነበሩት ብዙዎቹ የሉም። ስለዚህ ትምህርት ቤቶች የሽኝት ቀን እስኪደርስ አይጠብቁ፤ እድሮችም አሮጌ ቃለ ጉባኤያቸውን ከመጣላቸው በፊት ማን ሲጽፈው እንደኖረ ይዩ። አንተም አንቺም ያስተማሯችሁ መምህር ወይም መምህርት በሕይወት ካሉ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ጠይቋቸው፦ በየትኛው ቀበሌ ወይም ገበሬ ማኅበር፣ በየትኛው ቋንቋ አስተማሩ? ስንት ሰው ጀመረ፣ ስንቱ አቋረጠ፣ ለምን? የእጅ ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። የቀዳችሁትን ጽፋችሁ አንዱን ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ለእርሳቸው ስጡ፤ ስሕተት ካለበት በቁማቸው ያርሙት።