የተንቀሳቃሽ ኑክሌር አፈር መለኪያ ስርቆት

ተንቀሳቃሽ የኑክሌር መለኪያ፣ ሮለር ያለፈበት አፈር ወይም አስፋልት በሚገባ መጠቅጠቁንና ምን ያህል ውሃ እንደያዘ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያሳውቅ መሣሪያ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ስለሚሸከመው ከሥራ ቦታ ወደ ሥራ ቦታ በፒካፕ ይዞራል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰረቀውም ከፒካፑ ላይ ነው።

በስፋት የሚታወቀው የአሜሪካው ትሮክስለር ኩባንያ መሣሪያ ሁለት የጨረራ ምንጮች አሉት። 0.3 ጊጋቤኬሬል (የራዲዮአክቲቭነት መለኪያ) ያህል ሲዚየም-137 በብረት ዘንግ ጫፍ ታሽጎ ወደ አፈሩ ይወርዳል፤ አፈሩ በተጠቀጠቀ ቁጥር ወደ መቁጠሪያው የሚደርሰው ጋማ ጨረር ይቀንሳል። 1.48 ጊጋቤኬሬል የሚሆነው አሜሪሲየም-241 ደግሞ ከቤሪሊየም ጋር ሆኖ ኒውትሮን ይለቃል። ኒውትሮኑን የሚያዘገየው በውሃ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ስለሆነ እርጥበቱ በዚህ ይታወቃል። ሲዚየሙ በ30 ዓመት፣ አሜሪሲየሙ ግን በ432 ዓመት ነው በግማሽ የሚቀንሰው።

ሌባው የሚያየው የተቆለፈ ቢጫ ሣጥን ብቻ ነው። ውድ ዕቃ ይመስለዋል፤ አልተሳሳተም፣ ዋጋው በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። ችግሩ ፈቃድ የሌለው ሰው ሊገዛው አለመቻሉ ነው።

ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መሣሪያውን ከአምስት የአደጋ ደረጃዎች በአራተኛው ይመድበዋል። ምንጩ በመከለያው ውስጥ እስካለ አጠገቡ ያለፈ ሰው አይጎዳም። የሚያሰጋው ሣጥኑ ተፈትቶ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ሲሸጥ ነው፤ በእኛ አገር ቢሆን ቁራሌው እጅ ገብቶ ምናለሽ ተራ ሲደርስ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚሏ ጎያኒያ የሆነው እንዲህ ነበር፦ ከተተወ ክሊኒክ የተወሰደ የካንሰር ማከሚያ የሲዚየም ምንጭ ተፈታ፣ ለብረት ነጋዴ ተሸጠ፣ 4 ሰዎች ሞቱ። የዚያ ሲዚየም ኃይል ግን ከአንድ የአፈር መለኪያ ከ150,000 ጊዜ በላይ ይበልጥ ነበር።

የአሜሪካ የኑክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ጠባቂ የሌለው መለኪያ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ መከላከያዎች እንዲታሰር ያዛል፤ ለምሳሌ በሰንሰለትና በተቆለፈ ሣጥን። መኪናው ራሱ ከተሰረቀ ግን ሁለቱም ከንቱ ናቸው። ከአሜሪካ ግዛቶች አንዷ ኦሃዮ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ቁጥጥሩን በራሷ ጤና መምሪያ ታካሂዳለች። ስለዚህ ለምሳሌ በኮሎምበስ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ትንሿ ሚነርቫ ፓርክ መለኪያ ቢሰረቅ፣ ባለፈቃዱ ለፖሊስ ብቻ ሳይሆን ለመምሪያውም ወዲያው በስልክ ማሳወቅ አለበት። በኢትዮጵያ የጨረራ ምንጭ መያዝና ማጓጓዝ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 1025/2009 ነው።