ጉልበት አስተላላፊ፦ ብስክሌት የሚጮኸው ከየት ነው?

ከውጭ በሚመጡ ብስክሌቶች መመሪያ ላይ «ድራይቭትሬይን» የሚል ቃል ይገኛል። ከነጂው እግር እስከ ኋላ ጎማ ድረስ ጉልበት የሚያልፍባቸውን ክፍሎች በሙሉ በአንድ ላይ የሚጠራ ነው፦ ፔዳሉ፣ ፔዳሉ የተሰካበት ክንድ፣ መሃል ላይ የሚሽከረከረው ዘንግና ኩሽኔታዎቹ፣ የፊት ጥርስ፣ ካቴናው፣ የኋላ ጥርስ። ብስክሌቱ ማርሽ ካለው ማርሽ ቀያሪውም ይጨመራል። ጎማ፣ ፍሬን፣ መሪና መቀመጫ ከዚህ ውጭ ናቸው። ጠጋኞቻችን ለየክፍሉ ስም አላቸው፤ ካቴናና ኩሽኔታን የመሳሰሉት ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው። ለጠቅላላው ግን የጋራ መጠሪያ ሲነሳ ስላልሰማሁ «ጉልበት አስተላላፊ» ብዬዋለሁ። ለመኪና «ኃይል ማስተላለፊያ» ይባል፤ የብስክሌት ሞተር ግን የሰው ጉልበት ነው፣ ያውም በቃሉ በሁለቱም ፍቺ።

ስሙ የሚያስፈልገው ብስክሌቱ መጮህ ሲጀምር ነው። ባለቤቱ መንገድ ዳር ወዳለው ጠጋኝ ይሄድና «ወንድሜ፣ ካቴናው ይጮኻል፤ እስኪ ዘይት ጠብ አርግበት» ይላል። ጠጋኙ ያፈስበታል፣ ሁለት ቀን ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ያው ጩኸት ይመለሳል። ጥፋቱ የጆሮ ነው። የብስክሌት አካል ባዶ የብረት ቱቦ ስለሆነ ድምፅን ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ይወስዳል፤ ከእግር ሥር የተሰማ ሲጥሲጥታ ከመቀመጫው ሥር የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ድምፁ ከየት እንደሚሰማ ከመጠየቅ መቼ መቼ እንደሚሰማ መቁጠር ይሻላል።

ከደምበጫ መጥቶ በጅጋ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የሚያልፈው አስፋልት ለዚህ ፍተሻ ምቹ ነው፤ ኮረኮንች ላይ ሁሉም ነገር ስለሚንቀጫቀጭ አይለይም። ቁልቁለት ሲያገኙ ፔዳል መርገጥዎን ያቁሙና ብስክሌቱ በራሱ ይውረድ። ጩኸቱ ከቀጠለ ጎማው፣ ፍሬኑ ወይም ፓራፋንጎው ነው፣ ጉልበት አስተላላፊውን ይተዉት። (የኋላው ጥርስ ሳይረገጥ ጠር ጠር ማለቱ ግን ጤናው ነው።) ጩኸቱ ከቆመ እንደገና ይርገጡ፣ አሁን ግን ከመቀመጫው ብድግ ብለው። ያኔ ከጠፋ የመቀመጫው ዘንግ ነው፤ አውጥቶ መወልወልና ግሪስ መቀባት ይበቃዋል። ብድግ ብለውም ከተሰማ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት አስተላላፊው ነው።

ቀጥሎ ቆጠራ ነው። ፔዳሉ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ሲደርስ አንዴ የሚጮህ ከሆነ ጥፋቱ ከፔዳሉ፣ ከክንዱ፣ ከፊት ጥርሱ ወይም ከመሃሉ ዘንግ አይወጣም። የፊት ጥርሱ 44፣ የኋላው 18 ቢሆን፣ የኋላው ጎማ በአንድ የፔዳል ዙር ከሁለት ጊዜ በላይ ይዞራል፤ በፔዳል ዙር ሁለት ሦስቴ የሚሰማ ጠቅታ ወደ ኋላ ያመለክታል። ካቴናው ደግሞ ከሁሉም ዘገምተኛ ነው። 110 ዓይን ያለው ካቴና 44 ጥርስ ላይ አንዴ ዞሮ ለመምጣት ፔዳሉ ሁለት ጊዜ ተኩል መዞር አለበት። በዚህ ርቀት እየቆየ «ጠቅ» የሚል ብስክሌት አንድ የተጣበቀ ዓይን አለበት ማለት ነው። ፔዳሉን በእጅ ወደ ኋላ ቀስ ብለው ሲያዞሩ ያ ዓይን የኋላውን ጥርስ ሲያልፍ ሳይታጠፍ ዘሎ ይታያል፤ በዘይት አለስልሰው በሁለት እጅ ግራና ቀኝ ለቀቅ ያድርጉት።

በከባዶቹና በአሮጌዎቹ ብስክሌቶች ላይ በየዙሩ «ቋ» የሚለው ብዙ ጊዜ ፔርኖ ነው፤ ክንዱን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው፣ አንድ ጎኑ የተሞረደ ሾጣጣ ብረት። ሲላላ ብዙ ሰው ዳዶውን ብቻ ያጠብቃል። ዳዶው ግን ፔርኖውን ጎትቶ ለማስገባት አቅም የለውም፣ ጥርሱ ይበላል። ክንዱን ከሥር በጠንካራ ብረት ደግፎ፣ ፔርኖውን በመዶሻ መትቶ ካስገቡት በኋላ ነው ዳዶው የሚጠብቀው፤ ጥቂት ከተነዳም በኋላ ይደገማል። ላልቶ ብዙ የተነዳበት ፔርኖ ፊቱ ላይ ደረጃ ይወጣለታል። እሱን መልሶ ማስገባት ከንቱ ድካም ነው፣ ይቀየር። የፔዳል ሲጥሲጥታ ቀላል ነው፦ ፔዳሉን ፈትቶ ጥርሱን ወልውሎ ግሪስ ቀብቶ ማጥበቅ። የግራው ፔዳል ግን የሚፈታው ወደ ቀኝ በማዞር ነው። ይህን ሳያውቅ የታገለ ጎረምሳ ክንዱን አበላሽቶ ይመለሳል።

የደረቀ ካቴና ደግሞ ቁጥር የለውም፣ ሳያቋርጥ ይንጫጫል። በበጋ የጎጃም ቀይ አቧራ ከዘይት ጋር ተለውሶ ብረት የሚሞርድ ጭቃ ይሆናል፤ በላዩ ላይ ዘይት መጨመር ጭቃውን ማብዛት ነው። መጀመሪያ ከእሳት ርቀው በነጭ ጋዝ ይጠቡት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ በየዓይኑ አንዳንድ ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት፣ በመጨረሻ ውጩን በጨርቅ መጥረግ። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት የብረት ብናኝ ስላለው አይመከርም። የምግብ ዘይትም ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ቡሬ በ2013 ዓ.ም. ትልቅ የዘይት ፋብሪካ ተመርቆላታል፤ ዘይቱ ግን ለወጥ ነው።

ታጥቦና ተቀብቶም የሚጮህ ካቴና ምናልባት አልቋል። የዛሬው ባለ ከበሮ ካቴና ሀንስ ሬኖልድ በ1880 እ.ኤ.አ. ማንችስተር ላይ ያወጣው ንድፍ ነው፤ በብስክሌት ላይ ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ለመለካት የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። ካቴናውን ወጠር አድርገው ከአንድ ፒን መሃል ጀምረው 23 ዓይን ይቁጠሩ፦ አዲስ ከሆነ 29.2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 29.5 ከደረሰ ይጣል። እስከዚያ ድረስ ሲነዳበት ከቆየ ጥርሶቹም አብረው ሾለዋልና አዲሱ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ ሊዘልና ሊጮህ ይችላል።

እንግዲህ ጠጋኝ ዘንድ ሲደርሱ «ካቴናው ይጮኻል» ከማለት «ስረግጥ ብቻ፣ በየዙሩ አንዴ፣ የቀኙ ፔዳል ሲወርድ» ብለው ይንገሩት። የጅጋ፣ የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ ጠጋኞች ለጉልበት አስተላላፊ የተሻለ ስም ካላቸው ደግሞ የእነሱ ይያዝ።