ከ‹‹እንኳን ማረህ›› በኋላ

በአገራችን ሰው ታሞ ሲነሣ የሚባለው ‹‹እንኳን እግዜር ማረህ›› ነው። ጠያቂው ይህን ብሎ፣ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ዘመን፣ ሰውየው ከአልጋው ወርዶ ወደ ቀድሞ ጉልበቱ ሳይመለስ የሚኖርበት ጊዜ፣ ጠያቂ የለውም። የወረርሽኝ ታሪካችንም የተጻፈው በዚሁ ልማድ ነው። የሞተው ይቆጠራል፤ ለዳነው ምስጋና ይቀርባል፤ በከፊል የዳነው ግን ከመዝገቡ ይጠፋል።

የኅዳር በሽታን እንውሰድ። ዓለም ‹‹የእስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ›› ያለው ይህ ወረርሽኝ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር አዲስ አበባ ላይ በረታ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ‹‹ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ›› በተባለው መጽሐፋቸው በከተማይቱ ብቻ ከ10000 ሰው በላይ ማለቁን፣ እርሳቸውም በጽኑ ታመው በእግዚአብሔር ቸርነት መትረፋቸውን ይነግሩናል። ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው 26 ዓመት። በሽታው በየአገሩ ብዙ የፈጀው እንዲህ ያለውን ወጣትና ጎልማሳ ነበርና የርሳቸው መታመም የሚያስገርም አልነበረም።

ራስ ተፈሪ ድነው ነገሡ፤ ከበሽታውም በኋላ ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖሩ። ስማቸው በመጽሐፍ ያልሰፈረው በሽተኞችስ? ወፍጮ ላይ የነበረችው ገረድ፣ እንጨት ተሸካሚው፣ የዘበኛው ወታደር ከተረፉ በኋላ ደረታቸው እንዴት ሆነ? ታሪካችን በዚህ ላይ ዝም ይላል። ለወረርሽኙ መታሰቢያ የቀረልን ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ ሰብስቦ ማቃጠል፣ ‹‹ኅዳር ሲታጠን›› የምንለው ልማድ ነው። የሳምባ በሽታን በጭስ ማሰባችን ራሱ ሊያነጋግር በተገባው ነበር።

በ1911 ዓ.ም. አንድ ሐኪም በእጁ የነበረው ጥቂት ነበር። ብዙውን ሰው የገደለው ከኢንፍሉዌንዛው ላይ የተደረበው የሳምባ ምች ነው፤ ለዚያ ምች መድኃኒት የሚሆነው ፔኒሲሊን የተገኘው ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ስለዚህ ክፉኛ የታመመው አብዛኛው ሞተ። ከዚያ ወዲህ አንቲባዮቲክ መጣ፣ ኦክስጅን በሲሊንደር መጣ፣ ስለ በሽተኛው የሚተነፍስ መሣሪያ መጣ። ቀድሞ ይሞት የነበረው ሰው ይተርፍ ጀመር። ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን ሕክምና ከሞት አፋፍ የሚመልሰው ሰው በበዛ ቁጥር ሳምባው ቆስሎ የሚኖረውም ይበዛል።

ይህን አስቀድሞ ያሳየን የሳምባ ነቀርሳ ነው። እንጦጦ ሥር ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ ሕክምና ሲያገለግል ኖሯል። መድኃኒቱን በሥርዓት የጨረሰ በሽተኛ ባክቴሪያው ከአክታው ይጠፋል፤ ‹‹ድነሃል›› ይባላል። ነቀርሳው በሳምባው ላይ የተወው ጠባሳ ግን በመድኃኒት አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2003 የሳርስ ወረርሽኝ በሆንግ ኮንግ በተነሣ ጊዜም ከሆስፒታል የወጡ ሰዎች ከዓመት በኋላ ሲመረመሩ አንዳንዶቹ የመራመድ አቅማቸው አልተመለሰም ነበር።

ከዚያ ኮቪድ 19 መጣ። የመጀመሪያው በሽተኛ በኢትዮጵያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የበሽታው ሕክምና ቦታ ሆነ፤ ሚሊኒየም አዳራሽም ሳይቀር አልጋ ተዘረጋበት። በአገሪቱ በይፋ የተመዘገበው ሟች ከ7500 ይበልጣል። በሽታው ከያዛቸው በኋላ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠርና የአእምሮ መፍዘዝ የማይለቃቸው መብዛታቸውን በማየት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ለዚህ ሁኔታ መለያ አወጣለት፤ ሕመሙ ከጀመረ ሦስት ወር ሲሞላ የሚታይ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆይና በሌላ በሽታ የማይብራራ ሲሆን ነው።

በጽኑ ሕሙማን ክፍል የከረመው ደግሞ ሌላም ሸክም ይጨመርበታል። ሳምባው ይጠብሳል፤ በአልጋ ላይ የሰነበተ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ እንቅልፉ ይሸሻል፤ አዙሮ የሚያስበው ይጠፋዋል። እብጠቱን ለማብረድ የተሰጠው ስቴሮይድ ነፍሱን ያተርፋል፤ ግን ስኳር ሊያስነሣ፣ ሲበዛም አጥንት ሊጎዳ ይችላል። ከውጭ ለሚያየው ሰውየው ድኗል። መልኩም ተመልሷል።

እንግዲህ ይህን ሰው ወደ ላስታ እንውሰደው። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከበላይዋ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4000 ሜትር ያልፋል። በላሊበላ ከፍታ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ጤነኛው የአገሩ ተወላጅ ለምዶታል፤ የጠበሰ ሳምባ ግን የሚቆጥበው ትርፍ የለውም። አገሩ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ለቅዳሜ ገበያ እህል ተሸክሞ መውጣት፣ እንግዳ እየመሩ ወደ አሸተን ማርያም መውጣት፣ ውኃ መቅዳት፣ ሁሉም በትንፋሽ ነው። ቤት ውስጥም ምድጃው ይጤሳል፤ በዚያ ላይ የምትጎነበሰው ሴት ትንፋሿ ከበሽታው በኋላ ሁለት ጊዜ ይፈተናል። ለከተማ ጸሐፊ ‹‹ትንሽ ድካም›› የሆነው ነገር ለላስታ ገበሬ የእርሻ ወቅት ማምለጥ ነው።

ተከታትሎ መታከምስ? ለከፍተኛ ምርመራ በጋሸና በኩል ወደ ወልዲያ፣ ከዚያም ወደ ደሴ መውረድ ይጠይቃል። የኮቪድ ሕመምተኞች ገና በማገገም ላይ ሳሉ፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ ከተማይቱ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ ቆየች። በሰሜን ወሎ በርካታ የጤና ተቋማት ተዘረፉ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ መንገዱን እንደገና አስፈሪ አደረገው። ‹‹ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ›› የሚል ቀጠሮ በእንዲህ ያለ ዘመን ምን ዋጋ አለው?

‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም›› ይባላል። እዚህ ላይ ግን በሽታውን የደበቀው በሽተኛው አይደለም፤ ካርዱን ‹‹ድኖ ወጣ›› ብለን የዘጋነው እኛ ነን። ለዚህ ሰው ሊደረግለት ከሚቻለው ብዙው ትልቅ መሣሪያ አይሻም። ቀስ በቀስ የሚጨመር እርምጃ፣ የአተነፋፈስ ልምምድ፣ በቂ ምግብ፣ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ፣ በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ የሚጠየቅበት ቀን፣ ከሁሉም በላይ ‹‹ሰነፍክ›› የማይለው ቤተሰብ ነው።

ከኅዳር በሽታ የወረስነው የሟቾችን ቁጥርና የጥራጊ ጭስ ነው። ከኮቪድ በኋላ ለሚመጣው ትውልድ ከዚህ የተሻለ መዝገብ ልንተውለት ይገባል። ያም መዝገብ ከዓመት በኋላ ዳገቱን መውጣት የቻለውንና ያልቻለውን ለይቶ የሚያሳይ መሆን አለበት።